ማሽኑ በአምስት ደቂቃ ይናገራል፤ ባለቤቱስ?

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ መሣሪያ ይዘው ብቅ አሉ። ግዝፈቱ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ፕሪንተር ያህል ነው። የዶሮ ወይም የላም እርባታ አየር ማስወጫ አጠገብ ይተከላል፤ አየሩን ይስባል፤ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ካለበት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያሳውቃል። ወሬው ሲሰማ ብዙ ሰው "አሁንስ ተገላገልን" አለ።

አልተገላገልንም። ችግሩ መሣሪያው ላይ አይደለም፤ መሣሪያው ግሩም ነው።

ቫይረሱ ስፋቱ ወደ 100 ናኖሜትር ይጠጋል። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ይህን የሚያክል ነገር ለመያዝ እሱኑ የሚመጥን ወጥመድ ያስፈልጋል፤ የናኖ ቁሶች ሥራም ይኸው ነው። የሴንት ሉዊሱ ሴንሰር ገጽ ግራፊን ኦክሳይድና ፕሩሺያን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም የተሸፈነ ነው። በላዩ ላይ ቫይረሱን ለይተው የሚጨብጡ ሞለኪውሎች አሉ። ቫይረሱ ሲጣበቅባቸው የገጹ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም ይለወጣል፤ ማሽኑም ለውጡን ያነባል። ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ አፍንጫ ተጠርጎ በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ብቅ ትል የነበረችው ቀይ መስመር በአብዛኛው የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ክምችት ነበረች። ወርቅ እዚያ መጠን ላይ ሲደርስ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ጥያቄው ሌላ ነው። በሽታው ያመለጠው ምርመራ ስለዘገየ ነው ወይ?

ቴክሳስን እንይ። በ2024 መጀመሪያ ላይ በሰሜናዊ ቴክሳስ የላሞች ወተት በድንገት ቀነሰ። የሚታለበውም ወፍሮና ቢጫ ሆኖ እንገር መሰለ። ጥሬውን ወተት የጠጡ የግቢ ድመቶች ሞቱ። ናሙና ተልኮ መንግሥት ኤች5ኤን1 መሆኑን ያረጋገጠው ማርች 25 ቀን ነው። የቫይረሱን ዘረመል ያጠኑ ሳይንቲስቶች ግን ከዱር ወፍ ወደ ላም የተሻገረው በ2023 መጨረሻ አካባቢ እንደሆነ ይገምታሉ። ወራት አልፈዋል ማለት ነው። የኢንፍሉዌንዛ ፒሲአር ምርመራ ደግሞ ያኔም ነበረ፤ ናሙናው ቤተ ሙከራ እንደገባ መልሱ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ላም የወፍ ጉንፋን ይይዛታል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ይህ ይቅር ይባላል።

ከማርች 25 በኋላ ያለው ግን ይቅር አይባልም። የግብርና ሚኒስቴሩ በኤፕሪል ያወጣው ትእዛዝ ምርመራን ግዴታ ያደረገው ከግዛት ወደ ግዛት ለሚጓዙ የሚታለቡ ላሞች ነው። ባሉበት የሚኖሩትን አልነካም። በወሩ ይፋ ያደረገው የቫይረስ ዘረመል መረጃም ናሙናው የትና መቼ እንደተወሰደ በቅጡ አይናገርም ነበር፤ ሳይንቲስቶች በአደባባይ አጉረመረሙ። አገር አቀፍ የወተት ምርመራ የታዘዘው ዲሴምበር 6 ቀን ነው፤ ከስምንት ወር በላይ ቆይቶ። ልብ በሉ፣ የአንድ እርባታ ወተት በአንድ ትልቅ ጋን ይጠራቀማል። ከጋኑ ጥቂት ቀድቶ በመመርመር የመንጋውን ሁኔታ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ግራፊን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትእዛዝ ነበር።

ሰዎቹስ? በሚሺጋንና በኮሎራዶ ደማቸው ከተመረመረ 115 የወተት እርባታ ሠራተኞች በ8ቱ ላይ የቫይረሱ አሻራ ተገኘ። ግማሾቹ መታመማቸውን እንኳ አያስታውሱም። ከእነዚህ እርባታዎች ሠራተኞች ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውም አሉባቸው። አንድ ቀን ከሥራ የቀረ የዕለት ክፍያውን ያጣል። እንዲህ ያለ ሰው "ልመርመርህ" ሲባል የሚያስበው ስለ ቫይረሱ አይደለም።

የመሣሪያው ደጋፊዎች መልስ አላቸው፤ ደካማም አይደለም። ርካሽና ፈጣን መሣሪያ እጁ የገባ ገበሬ ቤተ ሙከራ ሳይጠብቅ ራሱ ያውቃል ይላሉ። እውነት ነው፣ ያውቃል። ካወቀ በኋላ ምን ያደርጋል? የአሜሪካ ዶሮ አርቢ በሽታው ሲገኝበት መንጋው በሙሉ ይገደላል፤ ካሳ የሚከፈለው ግን በሕይወት እያሉ ለተገደሉት እንጂ ቀድመው ለሞቱት አይደለም። ለእሱ አምስት ደቂቃ ገንዘብ ነው፤ ማሽኑን ራሱ ይገዛዋል። ላም አርቢው ሌላ ስሌት አለው። ላሞቹ በአብዛኛው ይድናሉ፤ ለቀነሰው ወተት ካሳ ማግኘት የተቻለው ከጁላይ ጀምሮ ነው። ዝም ብሎ ቢያልፈውስ? የማሽኑ ማጥፊያ ቁልፍ ያለው በእሱ እጅ ነው።

ደግሞ ማሽኑ ቢጮህ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይኖራል? በፌብሩዋሪ 2025 ያው ሚኒስቴር በወፍ ጉንፋን ላይ የሚሠሩ ሠራተኞቹን አባረረ፤ በቀናት ውስጥ "ስህተት ነው፣ ተመለሱ" አለ። በሜይ ደግሞ የጤና ሚኒስቴሩ ከሞደርና ጋር ለወፍ ጉንፋን ክትባት የገባውን ውል ሰረዘ። አንድ እጅ ሴንሰር ሲሠራ ሌላው እጅ ሴንሰሩን ሰምተው የሚሮጡትን ሲያሰናብት ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2006 ኤች5ኤን1 በሱዳንም በጅቡቲም ተገኝቷል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱ የውሃ ወፎች ክረምታቸውን ከሚያሳልፉባቸው ቦታዎች መካከል የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይገኙበታል፤ ዝዋይና አብያታ። ሰበታ ላይ የእንስሳት ጤና ቤተ ሙከራ አለን። አየር ማስወጫ አጠገብ የሚተከለው ማሽን ግን ለቢሾፍቱ ትልልቅ እርባታዎች ይመች ይሆናል እንጂ ለአብዛኛው ዶሯችን አይሆንም። ማታ ጓዳ ውስጥ የምታድር ዶሮ ምን አየር ማስወጫ አላት? ለእሷ የሚሆነው ያ ቀይ መስመር ያለው ርካሽ መመርመሪያ ነው። እሱም ቫይረሱ አለ ወይም የለም ይላል እንጂ ምን ያህል ገዳይ እንደሆነ፣ ምን ያህልስ እንደተለወጠ አይነግርም፤ ይህን ለማወቅ የሰበታ ዓይነት ቤተ ሙከራ የግድ ነው።

ናሙናው ሰበታ የሚደርሰው ግን ባለቤቷ ከተናገረች ነው። ግብፅ በዚያው በ2006 ይህን አየችው። ቤት ውስጥና ጣሪያ ላይ ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች ግድያውን ፈርተው ዶሮዎቻቸውን ደበቁ። በግብፅ በበሽታው ከተያዙት ከ350 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ዶሮ የሚንከባከቡ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሞቷል።

እዚህም በእንቁላል ሽያጭ የልጆቿን ደብተር የምትገዛ እናት መመርመሪያው ቀይ መስመር ቢያሳያት መጀመሪያ የምታስበው ነገር ግልጽ ነው። ስለዚህ በእርዳታም ሆነ በግዢ አዲስ መመርመሪያ ሊገባ ሲል የግብርና ሚኒስቴር ኃላፊዎች ስለ ናኖ ቅንጣቱ ከመጠየቃቸው በፊት ይህን ይመልሱ፦ የአንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ካሳ ስንት ብር ነው? ከየትኛው በጀት? በስንት ቀን ውስጥ እጇ ይገባል?