የአንጎል ኢንሱሊን ጥናትና ያልተቆጠረው የጎንደር ሕመምተኛ

በአትላንታ ክሊፍተን በተባለው ጎዳና ላይ ኤመሪ ዩኒቨርሲቲና ሲዲሲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ጎን ለጎን ቆመዋል። በዚያው በዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት ክላርክስተን ትገኛለች። በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው። በሳይንሱና በሕዝቡ መካከል ያለው ርቀት ግን ገና አልተለካም። የስኳር በሽታ በአንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሚመረምረው ጥናት ውስጥ የኢትዮጵያውያን ሰውነት ምን ያህል ታይቷል? ይህ ጥያቄ የዘር ኩራት ጥያቄ አይደለም፤ የሕክምና ፖሊሲ ጥያቄ ነው።

ለረጅም ጊዜ አንጎል ኢንሱሊን የማያሻው አካል እንደሆነ ይታመን ነበር። ምክንያቱም የነርቭ ሕዋሳት ስኳርን ከደም የሚወስዱት በአብዛኛው ኢንሱሊን በሩን ሳይከፍትላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን ያና ሃቭራንኮቫ፣ ጄሲ ሮዝና ባልደረቦቻቸው ኢንሱሊንን የሚቀበሉ ፕሮቲኖች በአይጥ አንጎል ውስጥ በሰፊው ተሠራጭተው እንደሚገኙ አሳዩ። ስኳር ለማስገባት ካልሆነ ተቀባዮቹ ለምን አስፈለጉ? መልሱ ቀስ በቀስ እየጠራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 የንስ ብሩኒንግ፣ ሮናልድ ካንና ባልደረቦቻቸው ከነርቭ ሕዋሳቸው ተቀባዩ የተወገደባቸውን አይጦች መርምረው ስብ እንደሚያከማቹ፣ እንስቶቹ ከልክ በላይ እንደሚመገቡና የመራባት አቅማቸው እንደሚቀንስ አስታወቁ። ስለዚህ ኢንሱሊን ለአንጎል የሰውነቱን ጎተራ ሁኔታ የሚነግር መልእክተኛ ነው ማለት ነው። ተቀባዮቹ ለትውስታ ወሳኝ በሆነው ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል በብዛት መገኘታቸው ደግሞ ሌላ በር ከፈተ።

በዚህ በር ብዙ ተስፋ ገባ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በእርጅና ዘመን የመርሳት በሽታን ዕድል እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች አልዛይመርን «ሦስተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ» እስከማለት ደረሱ። ስሙ ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመውና 289 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ኢንሱሊንን ለ12 ወራት በአፍንጫ መስጠት ከባዶው መድኃኒት የተሻለ ጥቅም እንዳላስገኘ አመለከተ። በሙከራው መሀል የመርጫ መሣሪያው መቀየሩ ንባቡን ቢያወሳስበውም፣ ትምህርቱ አይጠፋም፤ ተቀባዩ መኖሩ ብቻ የሕክምናን መንገድ አያሳይም።

የጥናቱ ሁሉ መነሻ የሆነው ሥዕል በልቶ የጠገበ፣ ከጥጋቡም የተነሣ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የደከመ ሰውነት ነው። ከዚህ ሥዕል ውጭ ያሉ ሕመምተኞች እንዳሉ ካስገነዘቡት መካከል የኤመሪ ተመራማሪዎች ራሳቸው ይገኛሉ። ቬንካት ናራያንና ባልደረቦቹ በአሪዞና የሚኖሩትን የፒማ ሕዝብ ከሕንድ የቼናይ ነዋሪዎች ጋር አነጻጽረው፣ በቀጫጮቹ ሕንዳውያን ላይ የሚታየው ዋና ጉድለት የኢንሱሊን አመንጪነት ማነስ መሆኑን አመልክተዋል።

የጎንደር ገጠር ደግሞ ይህን ሥዕል ከሁሉም በላይ ይፈታተነዋል። ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ የገጠር ሕመምተኞች ድሆችና ቀጫጮች መሆናቸውን ገልጸው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ፋይል እንደገና ሊከፈት ይገባ እንደሆነ ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 በዝርዝሩ አስገብቶ በ1999 ሰርዞት ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ዕውቅና የሰጠው በ2025 ነው። ጎንደር ከጠየቀች 16 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይገለበጣል። በአሜሪካ የሚጠናው አንጎል ኢንሱሊን ሞልቶ ሳለ መልእክቱን የማይሰማ ነው። የጎንደሩ ገበሬ አንጎል ግን ለመስማት ዝግጁ ሆኖ መልእክተኛው የሚቀርበት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማከም ስሕተት ላይ ይጥላል። አትላንታ ይህን ዓይነቱን ስሕተት በራሷ ደጅ አይታዋለች። የኤመሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ መለስተኛ የማስታወስ ችግር ያለባቸው ጥቁር አሜሪካውያን የአልዛይመር ምልክት የሆነው ታው የተባለው ፕሮቲን በሰረሰር ፈሳሻቸው ውስጥ ከነጮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለሁሉም አንድ መለኪያ ቢሠራባቸው ሕመማቸው ሳይታወቅ የሚታለፍ ሰዎች ይኖራሉ።

«መርፌው ሳይደርስ ስለ አንጎል ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ክብደትም አለው። ኢንሱሊን ከተገኘ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ቀዝቃዛ ቦታ የሚሻ መድኃኒት መብራት ለሌለው መንደር ዛሬም ሩቅ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም መንገዱን አክብዶታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አያከራክርም፤ ሕክምና ይቀድማል። ነገር ግን ሁለቱ የግድ አይጣሉም። በጎንደርና በጅማ የስኳር ሕመምተኞች ክትትል ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ ተደርጎ ነበር። መድኃኒቱን የሚሰጠው ነርስ አጭር የትውስታ መጠይቅ ቢጨምርና ስኳር ከልክ በላይ የወረደባቸውን ቀናት ቢመዘግብ፣ ዛሬ የሌለ እውቀት መከማቸት ይጀምራል። ስኳር አለቅጥ ሲወርድ አንጎልን ራሱን ስለሚጎዳ፣ ይህ መዝገብ ለሕመምተኛው የዕለት እንክብካቤም ይጠቅማል።

በውጭ ያለው ባለሙያ ሊይዘው የሚገባው አጀንዳ ከዚህ ይመነጫል። ገንዘብ ሲሰበሰብ የኢንሱሊን አቅርቦትና ማቀዝቀዣ ይቅደሙ። በአሜሪካ ያሉ የምርምር ማዕከላት «ጥቁር» በሚል አንድ ሣጥን ውስጥ የሚከቱትን ሕዝብ በትውልድ አገሩና በልጅነት የምግብ ታሪኩ ለይተው እንዲመዘግቡ ይጠየቁ። ከኢትዮጵያ የሚወሰድ የደም ናሙናም ሆነ መረጃ ካለ፣ የጎንደር ሐኪሞች የጥናቱ ባለቤቶች ይሁኑ፤ ናሙና አቀባይ ሆነው አይቅሩ። የአትላንታው ካርተር ማዕከል በአማራ ክልል ትራኮማን ለመከላከል ለዓመታት መሥራቱ በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል ጽኑ ድልድይ መሥራት እንደሚቻል ያስረዳል።

ተቀባዩ በሁሉም ሰው አንጎል ውስጥ አለ። ስለ እሱ የሚታወቀው ግን ከጥቂቶች የተሰበሰበ ነው። በዚህ እውቀት ላይ የተመሠረተ መድኃኒት ነገ ሲመጣ፣ የጎንደሩን ሕመምተኛ ይፈውስ ወይም ይጎዳ እንደሆነ ለመናገር የሚያስችለው መዝገብ ዛሬ መጀመር አለበት።