የሚፋቀው በርጩማ

ከጅማ የመጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በጄኔቫ አጠገብ ሻትሌን ውስጥ ካለ ፎቅ ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ፈተናው የብርዱ ወራት ማሞቂያ ነው። በርጩማው እንደ አውሮፓ ወንበር የተገጣጠመ ሳይሆን ከአንድ ግንድ፣ ብዙ ጊዜም ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ አንድ ወጥ ግንድ መሰንጠቁ አይቀርም። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ስንጥቁን በስቱኮ ይደፍናል፣ መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባል።

ይህ እድሳት ተብሎ ሊጠራ አይገባም። እርጥበት ተመልሶ እንጨቱ ሲያብጥ ደረቁ ስቱኮ መላወሻ ይነሳዋል፤ አዲስ ስንጥቅ በሌላ ጎን ይከፈታል። ከዚህ የሚከፋው ፍቂያው ነው። ሰዎች ለዓመታት ተቀምጠው ያለሰለሱት ገጽ፣ የምድጃ ጢስ ያጠቆረው ጎን፣ የጠራቢው መሣሪያ አሻራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል፤ መልሶ የሚያመጣውም የለም።

ሕግ እዚህ ድረስ አይዘልቅም። የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው የስዊዘርላንድ የባህል ንብረት ዝውውር ሕግ ደግሞ ትኩረቱ ንግድና ድንበር ነው። ሳሎን ውስጥ የሚፋቅ በርጩማ በተግባር ከሁለቱም ያመልጣል። የዐፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው የአልፍሬድ ኢልግ ስብስብ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል፤ በስደተኛው ቤት ያለው ዕቃ ግን ጠባቂም መዝገብም የለውም።

የሙዚየም ባለሙያ ሥነ ሥርዓት ወደ ቤት ሲገባ ውድ አይደለም። በርጩማውን ከማሞቂያው ማራቅ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሳት፣ ከመንካት በፊት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የተሰበረ እግር ካለ በሙቅ ውኃ ሊለቅ በሚችል የቆዳ ኮላ ማያያዝ ይበቃል። «የማይቀመጡበት በርጩማ ምን ይሠራል?» የሚሉ እውነት አላቸው፤ እግሩ ይጠገን፣ የጥገናው ቦታም ይታይ። ገጹ ግን አይነካ።

በጄኔቫና በዙሪክ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ከዚህ አልፈው አንድ ቀላል መዝገብ ሊጀምሩ ይገባል፤ የዕቃው ፎቶግራፍ፣ የተሠራበት ቦታ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የደረሰበት ጥገና፣ ከታወቀም የጠራቢው ስም። ይህን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ተሸክመው የመጡት ወላጆች ናቸው፤ ጥያቄው ሳይውል ሳያድር ለእነሱ መቅረብ አለበት።