አበባ አይበላም፤ ለአቃቂ ወንዝ ዳር የሚበጀውም ስለማይበላ ነው

ማምሻውን ከዝዋይ (ባቱ)፣ ከቆቃና ከደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) አካባቢ የሚነሱ ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው የጭነት መኪኖች ቱሉ ዲምቱን አልፈው ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይገሰግሳሉ። የጫኑት አበባ ነው። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሆላንድ ገበያ ላይ ይውላል። ከዚያው መንገድ ብዙም ሳይርቅ በአቃቂና በቃሊቲ ወንዝ ዳር ደግሞ ሌላ ጭነት ይሰናዳል። ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ተነቅሎ፣ ታጥቦና ታስሮ ለከተማው ገበያ ይወጣል። የማይበላው አበባ ውኃው ተመርምሮ ይጠጣል፤ የሚበላው ጎመን ግን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ወንዝ ይጠጣል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ለመሆኑ ይህ ተገላቢጦሽ ሊቃና አይችልም? የወንዙ ዳር ገበሬ ተቆርጦ የሚሸጥ አበባን ለአውሮፓ ሳይሆን ለራሱ ለአዲስ አበባ ገበያ ማምረት ቢማር ይችላል። ሐሳቡ ሲነሳ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «አበባ አይበላም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አይበላም። ቁም ነገሩም እዚሁ ላይ ነው።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በመንገዳቸው ላይ ከቆዳና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከጋራዥና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቀውን ሁሉ ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በከተማዋ ወንዞች ዳር በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። በአንዳንድ ናሙናዎች ላይ የተገኘው መጠን ለምግብ ከተፈቀደው በላይ ነበር። በተለይ እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠሎች ብረቱን አብዝተው ይስባሉ። የቤት እመቤቷ ጎመኑን ሦስት ጊዜ ብታጥበው አፈሩንና ጀርሙን ትቀንስ ይሆናል እንጂ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ የገባውን ብረት አታወጣውም።

ገበሬውን መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። ወንዙን የበከለው እሱ አይደለም። ደግሞም ስሌቱን ያውቃል። ውኃው በጋ ከክረምት አይቋረጥም፣ ክፍያም የለውም፤ ገበያው ደጃፉ ነው፤ ጎመን በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ገንዘብ ይሆናል። «ከእንግዲህ በዚህ ውኃ እንዳታለማ» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻውን የማይሠራውም ለዚህ ነው። ያንኑ ያህል ወይም የተሻለ የሚከፍል ሌላ ሰብል ሳይቀርብለት ቤተሰብ የሚያስተዳድርበትን ማሳ ጦም ያሳድር ማለት ቀልድ ነው።

ኢትዮጵያ አበባ ማምረት አታውቅም የሚባልበት ዘመን አልፏል። በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻዎች አበባ ወደ አውሮፓ ልከዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የግል ባለሀብቶች ጽጌረዳ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 አምራቾችና ላኪዎች ማኅበራቸውን አቋቋሙ፤ መንግሥትም መሬት፣ የግብር እፎይታና የልማት ባንክ ብድር አቀረበ። ዛሬ አገሪቱ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። በ2014 የበጀት ዓመት ከአበባ ብቻ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች።

በዚህ ውጤት ጀርባ ግን ብዙም የማይወራለት የኪሣራ ታሪክ አለ። ባለሀብቱ 30 በመቶ ይዞ ሲመጣ ባንኩ 70 በመቶውን ያበድር በነበረበት ወቅት አበባ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ወደ ሥራው ገቡ። በሄክታር በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ወጪ ተደረገ። ግሪን ሃውሱ ቆመ፣ የጽጌረዳ ችግኝ በውጭ ምንዛሪ ተገዛ፣ የውጭ ባለሙያ ተቀጠረ፤ ዕውቀቱ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ጽጌረዳ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያውን የሚሸጥ ምርት እስኪሰጥ ግማሽ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ወለድ ግን አይጠብቅም። ከባለሀብቶቹ አንዳንዶቹ ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው እርሻቸውን ባንክ ተረክቦታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ።

የተረፉት እርሻዎች የተማሩት ትምህርት በገንዘብ ቢተመን ውድ ነው። አበባ ማሳደግ ከሥራው ግማሹ ብቻ እንደሆነ ተምረዋል። ቀሪው ግማሽ የሚጀምረው መቀሱ ግንዱን ሲቆርጥ ነው። የተቆረጠው ቶሎ ውኃ ውስጥ ካልገባና ካልቀዘቀዘ በማለዳ ያማረው አበባ ገዢው ዘንድ ሲደርስ አንገቱን ይደፋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ቀን መቁጠርን ተምረዋል። እ.ኤ.አ. ለፌብሩዋሪ 14 የፍቅረኞች ቀን ቀይ ጽጌረዳ ለማድረስ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ቅርንጫፉን ይገርዛሉ። አበባው በሳምንት ቢዘገይ ዋጋው ሌላ ነው።

ለቃሊቲ ገበሬ የሚያስፈልገው ይህ ዕውቀት እንጂ ግሪን ሃውሱ አይደለም። ጽጌረዳውም አይደለም። ለውጭ ገበያ መስፈርት ያልበቃ ጽጌረዳ አዲስ አበባ ውስጥ በርካሽ ሲሸጥ ይታያል። ወጪውን ሆላንድ ላይ ከመለሰ እርሻ ጋር በተራፊው ምርት መፎካከር የትኛውም ትንሽ አምራች አይችልም። ስለዚህ ትንሹ አምራች ትልቁ የማይሞላውን ቦታ መፈለግ አለበት። ይኸውም በገላጣ ማሳ ላይ የሚበቅል፣ ፕላስቲክ ቤት የማይፈልግና በአጭር ጊዜ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ አበባ ነው። ግላዲዮለስ፣ ስታቲስ፣ አስተርና የሱፍ አበባ የመሳሰሉት ማለት ነው።

በአጭር ጊዜ መድረሱ ተራ ጉዳይ እንዳይመስል። የቃሊቲና የአቃቂ ማሳ ከተማው በየጊዜው የሚቆርሰው ማሳ ነው። ዛሬ ጎመን የነበረበት በሚቀጥለው ዓመት መጋዘን ወይም ኮንዶሚኒየም ይሆናል። ነገ የእሱ ስለመሆኑ ዋስትና በሌለው መሬት ላይ አምስትና ስድስት ዓመት የሚቆይ የጽጌረዳ ተክል መትከል ኢኮኖሚ አይደለም፤ ቁማር ነው። በ3 ወር የሚቆረጥ አበባ ግን ገበሬው ቢነሳ እንኳን ያወጣውን ይዞ ይነሳል።

የተፈጥሮው ነገር የሚያስጨንቅ አይደለም። ቃሊቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደብረ ዘይት ከፍ፣ ከሆለታ ዝቅ ትላለች፤ ሁለቱም የታወቁ የአበባ አገሮች ናቸው። አስቸጋሪው አፈሩ ነው። ጥቁሩ መረሬ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከፍ ባለ መደብ ላይ ካልተተከለ የግላዲዮለስ ኮረት ይበሰብሳል። ውኃ የማይጠላው ካላ ሊሊ ነው፤ በየግቢው ቦይ ዳር ሳይለፋለት የሚያብበው ነጩ አበባ። (በነገራችን ላይ በሳይንስ ስሙ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ቅጽል ቢኖረውም የትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው።) ይህን አበባ እንደ ሸቀጥ በመደዳ ተክሎ፣ በደረጃ ለይቶና በደርዘን አስሮ ማቅረብ ግን ሌላ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሩ እንመለስ። የአዲስ አበባ የአበባ ገበያ የአውሮፓን አይመስልም። ሠርግ በጥር ይጥለቀለቃል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭር ይላል፤ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ደግሞ ይመለሳል። ሰኔና ሐምሌ የምርቃት ነው፤ ተመራቂ ሁሉ እቅፍ አበባ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ግላዲዮለስ ከተተከለ ከ80 እስከ 100 ቀን ይቆያል፤ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ለጥር ሠርግ የሚሆነው በጥቅምት መጀመሪያ መሬት መግባት አለበት፤ አንድ ላይ ሳይሆን በየሳምንቱ ተከፋፍሎ። ሁሉንም በአንድ ቀን የተከለ ሰው ሁሉንም በአንድ ሳምንት ይቆርጣል፤ ዋጋውንም ራሱ ይሰብራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚመታውን ሜዳማ ቦታ መለየትም የአካባቢው ሰው ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከዚያ አቆራረጡ አለ። ግላዲዮለስ የሚቆረጠው ከታች ያሉት አንድ ሁለት እንቡጦች ቀለማቸውን ሲያሳዩ ነው። ሙሉ በሙሉ ፈክቶ ያየው ጀማሪ «አሁን ደረሰ» ብሎ ይቆርጠዋል፤ በማግሥቱ ረግፎ ያገኘዋል። በማለዳ ተቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ከተጋደመ ጫፉ ወደ ላይ እየዞረ ይጎብጣል፣ የጎበጠውንም ባለ ዲኮሩ አይቀበልም። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ የባልዲው ውኃ የወንዙ ውኃ መሆን የለበትም። ቆሻሻ ውኃ የግንዱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። አቅም ለሌለው ማቀዝቀዣ ክፍል ባይኖረው እንኳን ጥላ፣ ነፋስና ንጹሕ ባልዲ ይኖረዋል። ከምርቱ በኋላ ኮረቱን ነቅሎ፣ አድርቆ ለሚቀጥለው ወቅት ማስቀመጥ ይቻላል፤ የዘሩ ወጪ በየጊዜው እንደ አዲስ አይመጣም።

ተቃውሞ አይጠፋም። አንደኛው የፕላስቲክ አበባ ነው። ርካሽ ነው፣ አይጠወልግም፣ ብዙ አዳራሾችም በእሱ ተሞልተዋል። ይህን መካድ አያስፈልግም። የከተማው ገበያ ጠባብ ነው፤ የወንዙ ዳር ማሳ ሁሉ በአንዴ ወደ አበባ ቢዞር ዋጋው መሬት ይወርዳል። ማንም አስተዋይ ሰው ሁሉም ገበሬ ጎመኑን ይንቀል አይልም። ከመደቡ ሩቡን የሞከረ ሰው ግን ቢከስር እንኳን አይወድቅም። ከመትከሉ በፊትም ሁለትና ሦስት የዲኮር ባለሙያዎችን አነጋግሮ ምን ዓይነት፣ በየትኛው ሳምንት፣ በስንት እንደሚወስዱ ማወቅ አለበት። ላኪዎቹ ከመትከላቸው በፊት ገዢ ይፈልጋሉ፤ ብዙው ገበሬ ግን አምርቶ ነው ገዢ የሚፈልገው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። አበባ መድኃኒት ይወዳል። የአበባ እርሻዎች በኬሚካልና በውኃ አጠቃቀም ሲወቀሱ ኖረዋል፤ ላኪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የተበከለ ወንዝ ዳር ሌላ መርዝ መርጨት መፍትሔ አይሆንም። ማሳው ውስጥ የሚውለው ሰውም ከዚያው ውኃ ጋር ስለሚነካካ ቦት ጫማና ጓንት የግድ ነው። ደግሞም አበባ መትከል ወንዙን አያጠራም። ፍሳሹን ሳያክም የሚለቅ ፋብሪካ «ገበሬው አበባ ስለተከለ» ተብሎ ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይገባም። አበባው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መርዙን ከሰው ማዕድ ያርቃል። ለጊዜው ይህም ትንሽ አይደለም።

ማን ያስተምር የሚለው ጥያቄ ሲነሳ እንደ ልማድ የስብሰባ አዳራሽ፣ የሦስት ቀን ሥልጠናና አበል ይታሰባል። አስተማሪው ግን ሩቅ አይደለም። በደብረ ዘይት፣ በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ እርሻዎች አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የቆረጡ፣ የለዩና ያሰሩ ሠራተኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። መቼ እንደሚቆረጥ በዓይናቸው ያውቃሉ፤ ሸረሪት መሰሉን ተባይ ቅጠሉን ገልብጠው ይለዩታል። ይህን ዕውቀት የሚመሰክር ወረቀት ስለሌላቸው አሠልጣኝ ተብለው አልተጠሩም። የከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት ከእነዚህ ሴቶች ሁለቱን ለአንድ ወቅት ደመወዝ ከፍሎ ቃሊቲ ወንዝ ዳር ሩብ ሄክታር በማይሞላ ማሳ ላይ ቢያሠማራ ከአንድ የአዳራሽ ሥልጠና ወጪ ብዙም አይበልጥም። ገበሬው የሚያምነው ጎረቤቱ ሲሸጥ ያየውን ነው።

ለጥር ሠርግ የሚደርሰው አበባ የሚተከለው ጥቅምት ላይ ነው። መደቡ ከዚያ በፊት፣ መረሬው ገና እርጥበት ሳይለቀው በመስከረም መጨረሻ ከፍ ተደርጎ መዘጋጀት አለበት።