የመጠለያ ጥያቄና የሠራተኛው ገቢ

መጠለያ ከምግብና ከልብስ ጋር የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት እንደመሆኑ መጠን፣ አንድ ሠራተኛ የቤት ባለቤት ለመሆን ምን ያህል ገቢ ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ የአንድ ቤተሰብ የጓዳ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጥያቄው በእድር ስብሰባም ሆነ በፋብሪካ የምሳ ሰዓት ዘወትር ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን «ቆጥቡ» በሚል ምክር ብቻ ይታለፋል። ምክሩ በራሱ ስሕተት ባይሆንም፣ ነገሩን በቁጥር ሳይመረምሩ መደምደም ሠራተኛውን ወይ ለከንቱ ተስፋ ወይ ለጨለምተኝነት ይዳርገዋል።

ስሌቱ መጀመር ያለበት ከቤቱ ዋጋ ሳይሆን ከደመወዙ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በሙሉ ከሠራተኛው እጅ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት 2,100 ብር ለግብር፣ ከመቶ 7 ማለትም 805 ብር ለጡረታ ሲቀነስ፣ የተጣራው ደመወዝ 8,595 ብር ነው። ቀለብ፣ ትራንስፖርት፣ የልጆች ትምህርትና ሕክምና የሚሸፈኑት ከዚሁ ስለሆነ፣ ለቤት የሚውለው ከሢሶ መብለጥ የለበትም ብንል ሢሶው 2,865 ብር ይሆናል።

አሁን ወደ ብድሩ እንለፍ። ለስሌት እንዲመቸን ብድሩ 1,000,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት ከመቶ 15፣ የመክፈያው ዘመን 20 ዓመት ነው እንበል። ወርኃዊ ክፍያው 13,168 ብር ያህል ይሆናል። ይህ ክፍያ ከገቢው ሢሶ እንዳይበልጥ የተበዳሪው የተጣራ ገቢ 39,504 ብር፣ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ደግሞ 64,600 ብር ገደማ መሆን አለበት። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው መነሻ ደመወዝ ከአምስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በአንጻሩ በየወሩ 2,865 ብር መክፈል የሚችል ሠራተኛ በዚሁ ወለድና ዘመን ሊሸከም የሚችለው ብድር 217,600 ብር ገደማ ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ተመሳሳይ ደመወዝ ቢኖራቸው እንኳ 435,000 ብር ያህል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች መታረም ይኖርባቸዋል። አንደኛው የመክፈያው ዘመን ቢራዘም ሸክሙ ይቀላል የሚለው ነው። ከላይ የተጠቀሰው ብድር ወደ 30 ዓመት ቢራዘም ወርኃዊው ክፍያ 12,644 ብር ይሆናል፤ የሚቀንሰው 524 ብር ብቻ ነው። ጠቅላላው ክፍያ ግን ከ3.16 ሚሊዮን ወደ 4.55 ሚሊዮን ብር ይንራል። ሁለተኛው አነስተኛ ቅድሚያ ክፍያ ቤቱን ያቀርባል የሚለው ነው። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብሮች ውስጥ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተብለው የተሰየሙት የቁጠባና የብድር ድርሻዎች እንደሚያሳዩት፣ ቁጠባው ሲያንስ ብድሩ ይበዛል። ስለዚህ በመግቢያው ላይ የተገኘው እፎይታ በወርኃዊው ክፍያ ላይ ሸክም ሆኖ ይመለሳል።

ታዲያ ወሳኙ ነገር ምንድን ነው? በዋነኛነት ወለዱና የቤቱ ዋጋ ናቸው። ያው አንድ ሚሊዮን ብር በ20 ዓመት ከመቶ 7 ወለድ ቢታሰብ ወርኃዊው ክፍያ 7,753 ብር፣ የሚያስፈልገውም የተጣራ ገቢ 23,259 ብር ይሆናል። አንድ ቤተሰብ በቁጠባ ብርታት ብቻ ይህን ያህል ልዩነት ሊያስገኝ አይችልም። የቤቱ ዋጋም ከመሬት፣ ከሲሚንቶ፣ ከብረትና ከሠራተኛ ጉልበት ዋጋ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ የመጠለያ ጥያቄ ከቦታ ጥያቄ ጋር የተሳሰረ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። አዋጁ ካወጣው ሥርዓት ብዙው ቢለወጥም፣ ትስስሩ ዛሬም እንዳለ ነው።

ከዚህ ትንተና የሚገኘው ትምህርት ተስፋ መቁረጥ አይደለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ውል ከመፈረሙ በፊት በቅደም ተከተል፣ የተጣራ ገቢዬ ስንት ነው? ሢሶው ስንት ነው? ሢሶው ስንት ብድር ይሸከማል? ያ ብድር ከቁጠባዬ ጋር ተደምሮ ምን ዓይነት ቤት ይገዛል? ብሎ ይጠይቅ። በቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ በየደረጃው መገንባት የሚችል፣ በጋራ የሚያዋጣው ገንዘብና ጉልበት የብድሩን መጠን እንደሚቀንስለት ይገንዘብ። የነዋሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት ደግሞ ስሌቱን ለአባሎቻቸው በሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስረዱ፤ ስለ ወለድና ስለ ግንባታ ዋጋም የሚመለከታቸውን ክፍሎች በዚሁ ቁጥር ይጠይቁ። ገቢና ዋጋ ካልተገናኙ፣ የቁጠባ ምክር ብቻውን ጣሪያ ሊሆን አይችልምና።