በጉምሩክ በር ያላለፈ ሸቀጥ

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ሸቀጥ ወደ አገር ሲገባ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት አገርና ዋጋው በሰነድ ተጽፎ ይቀርባል፤ መርማሪም ሊያየው ይችላል። ዛሬ ግን በደብረ ታቦር፣ በወረታና ከጣራ ገዳም ሥር ባለችው በአዲስ ዘመን፣ ከሱቅ ጠረጴዛ ኋላ በቆሙ ወጣቶች ስልክ ላይ ሌሊትና ቀን የሚሸጥ አንድ የውጭ አገር ሸቀጥ አለ። ሠሪው ማን እንደሆነ ከገዢዎቹ መካከል የሚያውቅ ቢፈለግ የሚገኘው ጥቂት ነው። ይኸውም «አቪዬተር» የተባለው የአውሮፕላን ጨዋታ ነው።

ሠሪው ስፕራይብ የሚባል ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ ሥራ የጀመረ ነው፤ መሥራቹም ዳቪድ ናትሮሽቪሊ ይባላሉ። ጨዋታውን በሚቀጥለው ዓመት አወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ባሠሩ ጊዜ ሠሪዎቹን ከዓይናቸው ሥር አኑረው ነበር፤ የእኛ ዘመን ሠሪ ግን ከባሕር ማዶ ሆኖ ሸቀጡን በአየር ይልካል። እንዲህ ያለ ኩባንያ በልማድ ራሱ የቁማር ቤት አይከፍትም፤ ጨዋታውን ለውርርድ ድርጅቶች ያከራይና እነርሱ ከሚያገኙት ላይ ድርሻውን ይወስዳል። በእኛ አነጋገር እርሱ ፋብሪካ ነው፤ ድርጅቱ ቸርቻሪ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ አውሮፕላን ከመሬት ትነሣለች፤ ከፍ ባለች ቁጥር የተወራረደው ገንዘብ እየተባዛ ይታያል። ሳትሰወር ገንዘቡን ያወጣ ይወስዳል፤ የዘገየ ያስያዘውን ያጣል። የት ላይ እንደምትሰወር ግን ገና ሳትነሣ በስሌት ተወስኗል። ስለዚህ «አካሄዷን አጥንቼባታለሁ» የሚለው ወጣት ያጠናው ነገር የለም።

ሠሪው እንደሚለው፣ ከሚወራረደው ገንዘብ 97 በመቶው ውሎ አድሮ ለተጫዋቾች ይመለሳል። በኩንታል ጤፍ ላይ 3 በመቶ ያተረፈ ሰው በመካከላችን ስስታም አይባልም፤ ነጋዴም ቁጥሩን ሰምቶ «ይህማ ምን አለበት» ሊል ይችላል። ነገር ግን የጤፍ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያዟዙረው በሳምንት ወይም በወር ነው፤ አውሮፕላኗ ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደጋግማ ትነሣለች። በ1,000 ብር የጀመረ ሰው በእጁ የቀረውን ሁሉ እየመለሰ 23 ጊዜ ቢወራረድ፣ በአማካይ ሒሳብ የሚቀረው 496 ብር ያህል ነው፤ ይኸውም የግማሽ ሰዓት ሥራ እንኳ ላይሆን ይችላል። አማካይ መሆኑንም አንርሳ፤ አንዱ ብዙ ሲያገኝ የብዙዎቹ እጅ ባዶ ይቀራል። በዕቁባችንም ዕጣ ይወጣል፤ ነገር ግን የዕቁብ ዕጣ የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ በዙሩ መጨረሻ ማንም ከጣለው አንዲት ሳንቲም አይጎድልበትም።

በደብረ ታቦር አንድ ጨርቅ ነጋዴ ወዳጅ አለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ነቀፋ ያገለገላቸው ልጅ የሁለት ቀን ሽያጭ በስልኩ እየላከ ጨረሰው። ሲጠየቅም «ልመልሰው ነበር፤ አንድ ዙር ብቻ ቀርቶኝ ነበር» አለ። ገንዘቡ የአዲስ አበባ አከፋፋይ ዕዳ ስለ ነበረ፣ ወዳጃችን ለዚያ ሰሞን ገበያ ዕቃ ሳያስመጡ ቀሩ።

እንግዲህ የሌላውን አገር ሥርዓት እንመልከት። በብሪታንያ ፈቃድ የሚጠየቀው ቸርቻሪው ብቻ አይደለም፤ ጨዋታውን የሠራው ፋብሪካም ነው፤ ጨዋታውም ለሕዝብ ሳይቀርብ በፊት ይመረመራል። በኢንተርኔት ለሚቀርበው የስሎት ጨዋታ በ2017 ዓ.ም. የአንዱ ዙር መወራረጃ ከ5 ፓውንድ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት ደግሞ ከ2 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደነገገ። በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የቁማር ኮሚሽን የስፕራይብን ፈቃድ አገደ። ምክንያቱም ጨዋታው አጭበርብሯል ተብሎ ሳይሆን፣ ከራሱ የኮምፒውተር ማዕከል ለማቅረብ የሚያስፈልገውን ልዩ ፈቃድ ሳይዝ በመገኘቱ ነበር። ፍርዱን እኛ አንፈርድም፤ ነገር ግን ታላቁን ፋብሪካ «ወረቀትህ ወዴት አለ?» የሚል መሥሪያ ቤት መኖሩን ነጋዴ ሊያደንቀው ይገባል።

በእኛም አገር ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ጨዋታውን ያዘጋጀውም፣ ትኬቱን የሸጠውም፣ ዕጣውን ያወጣውም አንዱ መንግሥት ነበር፤ ሠሪው ማን ነው የሚል ጥያቄ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዕድል ሙከራ ከ1,000 ብር በላይ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ደነገገ፤ ይህም የሚመለከተው ያገኘውን ሰው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ከሱቅ ሳጥን ወደ ውርርድ ለመሄድ በር መውጣት እንኳ አላስፈለገውም። በጎ መሣሪያ ነው፤ እኛም በየቀኑ እንገለገልበታለን።

ጨዋታውን ፈጽሞ ይከልክሉ የሚሉ አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም፤ የተከለከለ ሸቀጥ በኮንትሮባንድ መንገድ እንደሚገባ ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለምና። ይልቁንስ ምክር ቤታችን ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ። በስልክ የሚቀርበው ጨዋታ ሁሉ የሠሪው ስምና አገር ተጽፎበት ነውን? ስሌቱንስ የመረመረ ማን ነው? የጨዋታው ኪራይ የሚከፈለው በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛውስ ባንክ በኩል ነው? ለአንድ ኮንቴይነር ዕቃ የውጭ ምንዛሪ ተራ ስንጠብቅ የኖርን አስመጪዎች የመጨረሻውን ጥያቄ ለመጠየቅ መብት አለን።

እስከዚያው ድረስ የሱቅ ሽያጭ ማታ ማታ ከሠራተኛ ስልክ ወደ ባለቤቱ ሒሳብ ይግባ። ወዳጃችን አሁን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ልጁንም አላባረሩትም፤ ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ዕዳውን ይከፍላል።