ስለ ሕፃናት ተማሮች ጤንነት

በብዙ ቤት የልጅ መወፈር የጥጋብና የበረከት ምልክት ሆኖ ይታያል። ሐኪሞች ግን የሕፃን ወገብ ከመጠን ሲያልፍ፤ የደሙ ግፊት ከፍ ሲል፤ በደሙም ውስጥ ስኳርና ስብ ሲበዛ፤ እነዚህ ተባብረው ወደ ፊት ለስኳርና ለልብ በሽታ እንደሚያጋልጡት ያስረዳሉ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፤ ከ10 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በዚህ ደዌ ተይዟል አይባልም፤ ወገቡ ከሰፋ ግን ክብደቱን እንዲቀንስ አጥብቆ ይመከራል። ደዌው ገና ስም አላገኘም ማለት ሥር አልሰደደም ማለት አይደለም።

የሜክሲኮ መንግሥት በዚሁ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በጣፋጭ መጠጥ ላይ ቀረጥ ጣለ፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ስኳር፤ ጨውና ስብ የበዛበት ምግብ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ ከለከለ። ለሕፃን የሚበላውንና የሚውልበትን የሚመርጥለት ታላቅ ሰው ነውና፤ ጥፋቱ የሕፃኑ ሊሆን አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ሲመክር፤ መጫወቻ ሜዳ ለሌለው ትምህርት ቤት ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ምን መልስ ይኖረዋል? ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፤ ሹማምንት በሥልጣናቸው፤ ካህናትም በምክራቸው ከአሁኑ ሊያስቡበት ይገባል።