ታሪኩ ከገብሱ ማሳ ነው

ስለ አጭር ልብ ወለድ ስንጠየቅ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት፣ ጭብጥ እያልን እንደ ዳዊት እንደግማለን። ጻፉ ስንባል ግን እጃችን ይተሳሰራል። ታደሰ ሊበን «መስከረም» የተሰኘውን የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል በ1949 ዓ.ም. ካሳተመ ስንት ዘመን ሆነው! እኛ ዛሬም ታሪክ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ይመስለናል።

መቼት ማለት እኮ መቼና የት ነው። በፈተና ቀን «ገብሱን ከጭላዳ ጠብቅ» የተባለ የደባርቅ ልጅ እንውሰድ። ገጸ ባሕርዩ እሱ፣ መቼቱ የጥቅምት ውርጭ ያረፈበት ማሳ፣ ግጭቱ የአባት ትእዛዝና ትምህርት። ቢሄድ ገብሱ ይበላል፤ ቢቀር ፈተናው ያልፈዋል። ጭብጡም ከዚሁ ይወጣል።

ነገ ደባርቅና ዳባት ስንመደብ ተማሪዎቻችን ዝርዝር ሸምዳጅ ብቻ እንዳይሆኑ፣ መጀመሪያ እኛው እንጻፍ!